ፀጉር ይበቅላል፤ ቀጠሮ አይለፍ

(በሬዲዮ የተላለፈ የመሠረተ ትምህርት ንግግር)

 

የዛሬው ንግግራችን ስለ ሻሽ፣ ስለ ነጠላ፣ ስለ ኮፍያና ስለ ባርኔጣ ነው። «ሻሽ ማሰርማ ከእናታችን ተምረናል፤ ይህ ደግሞ ምን ትምህርት ያስፈልገዋል?» ትሉ ይሆናል። እውነታችሁን ነው። ነገር ግን ዛሬ የምንናገረው ፀጉር ስላለው ራስ አይደለም። በካንሰር ሕክምና ምክንያት ፀጉሩ ስለረገፈ ራስ ነው።

ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ትንሽ ግን አይደለም። ፀጉሯ ሲረግፍ ደንግጣ ሕክምናዋን የምትተው እናት አለች። «ሰው ምን ይለኛል» ብሎ ከቤት የማይወጣ አባወራ አለ። ከትምህርት ቤት የሚቀር ልጅ አለ። ሕክምና ሲቋረጥ ደግሞ በሽታው ይበረታል። እንግዲህ አንድ ሜትር ጨርቅ ሰውን ከሕክምናው እንዳይቀር ሊረዳው ይችላል ማለት ነው። እንዴት እንደሆነ ቀስ ብለን እንመልከት።

1. ፀጉር ለምን ይረግፋል?

ቤት ከብዙ ድንጋይ እንደሚሠራ፣ ሰውነታችንም ከብዙ ሕዋሳት የተሠራ ነው። ሕዋስ በዓይን የማይታይ በጣም ትንሽ የአካል ክፍል ነው። ካንሰር የሚባለው በሽታ አንዳንድ ሕዋሳት ከሥርዓት ወጥተው ያለ ልክ ሲባዙ ይመጣል። በአገራችን በሴቶች ላይ በብዛት የሚታየው የጡት ካንሰር ነው። ሁለተኛው የማሕፀን በር ካንሰር ነው።

ካንሰር ከሚታከምባቸው መንገዶች አንዱ ኬሞቴራፒ ይባላል። ሰው አሳጥሮ «ኬሞ» ይለዋል። ብዙውን ጊዜ በደም ሥር የሚሰጥ ኃይለኛ መድኃኒት ነው። ይህ መድኃኒት ቶሎ ቶሎ የሚባዙ ሕዋሳትን ያጠቃል።

አሁን ወደ እርሻ እንሂድ። ገበሬ በጤፍ ማሳው ላይ የአረም መድኃኒት ይረጫል። ነፋስ ከተነሣ ግን መድኃኒቱ አልፎ የጎረቤትን ባቄላ ያጠወልጋል። ገበሬው ባቄላውን ሊያጠፋ ፈልጎ አይደለም። መድኃኒቱ አረሙንና ባቄላውን ለይቶ ስለማያውቅ ነው። ኬሞም እንዲሁ ነው። የፀጉር ሥር ሕዋሳት ቶሎ ቶሎ የሚባዙ ናቸው። በራሳችን ላይ ካለው ፀጉር ከ100ው 90 ያህሉ ሁልጊዜ በማደግ ላይ ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ ካንሰሩን ሲመታ የፀጉሩንም ሥር ይነካዋል። ፀጉሩ ይረግፋል።

ልብ በሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ሥሩ ይዳከማል እንጂ አይሞትም። ከብት የጋጠው ሣር ዝናብ ሲያገኝ እንደሚያቆጠቁጥ፣ ፀጉሩም ሕክምናው ሲያልቅ ያቆጠቁጣል።

ፀጉርን የሚያረግፈው ሁሉም የካንሰር መድኃኒት አይደለም። ለጡት ካንሰር ከሚሰጡት መካከል ዶክሶሩቢሲን የሚባለው መድኃኒት መልኩ ቀይ ነው። እሱና ፓክሊታክሰል የሚባለው ፀጉርን በብዛት ያረግፋሉ። ሌሎች ግን ፀጉሩን ያሳሱታል እንጂ አይጨርሱትም። የጨረር ሕክምና ደግሞ ፀጉር የሚያረግፈው ጨረሩ ባረፈበት ቦታ ብቻ ነው። ደረቷ ላይ ጨረር የምትታከም ሴት በጨረሩ ምክንያት የራስ ፀጉሯ አይረግፍም። ጨረሩ በራስ ላይ ከሆነ ግን ይረግፋል፤ አንዳንድ ጊዜም መልሶ ላይበቅል ይችላል። ስለዚህ ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ወይም ነርሷን እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ «ይህ መድኃኒት ፀጉሬን ያረግፈዋል ወይ? መቼ?»

2. ቀኑን አስቀድማችሁ ቁጠሩ

ፀጉር የሚረግፈው መድኃኒቱ በተወሰደበት ቀን አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ይቆያል። ኬሞ ደግሞ በአንድ ጊዜ አያልቅም። በየተራ ይሰጣል። ብዙ ጊዜ በየ21 ቀኑ ነው።

አሁን እርሳስ አንሡና እናስላ። አንዲት እናት የመጀመሪያውን መድኃኒት መስከረም 5 ቀን ወሰደች እንበል። ከ2 ሳምንት በኋላ መስከረም 19 ይሆናል። ከ3 ሳምንት በኋላ መስከረም 26 ይሆናል። ፀጉሯ የሚረግፈው በእነዚህ ቀናት መካከል ነው። ሁለተኛው ቀጠሮዋ ደግሞ መቼ ነው? መስከረም 26 ቀን ነው።

አያችሁ? ፀጉሩ የሚረግፈው ልክ ሁለተኛው ቀጠሮ ሲደርስ ነው። አደጋውም እዚህ ላይ ነው። ጠዋት ስትነሣ ፀጉሯ በትራሷ ላይ ተነጥፎ ታገኘዋለች። ማበጠሪያ ስታስገባ በእፍኝ ይወጣል። «መድኃኒቱ ሊገድለኝ ነው» ትላለች። ጎረቤት ደግሞ «ዓይን ነው፣ ቡዳ ነው» ይላታል። እሷም ቀጠሮዋን ታሳልፋለች። በመካከል የተተወ ካንሰር እንደ ገና ያድጋል። በኋላ ለማከምም ያስቸግራል።

አስቀድማ ያወቀች ሴት ግን እንዲህ ትላለች፦ «ነርሷ የነገረችኝ ቀን ደረሰ።» ያዝናል እንጂ አትደነግጥም። ሻሿን አስራ ወደ ቀጠሮዋ ትሄዳለች።

ማንበብ የተማራችሁ ሰዎች ሆይ፣ ትምህርታችሁ እዚህ ላይ ይጠቅማችኋል። የቀጠሮ ካርዳችሁን ራሳችሁ አንብቡ። ቀኑን በግድግዳ ላይ በትልቁ ጻፉ። በአጠገቡም «ፀጉር ይበቅላል፤ ቀጠሮ አይለፍ» ብላችሁ ጻፉ።

የመጨረሻው ኬሞ ካለቀ በኋላ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ ለስላሳ ጨቅላ ፀጉር ይታያል። ፀጉር በወር 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ያድጋል። አዲሱ ፀጉር መጀመሪያ ላይ ከቀድሞው ይበልጥ ሊጠቀለል ይችላል። መልኩም ሊለወጥ ይችላል። በጥቂት ሰዎች ላይ እንደ ቀድሞው ሳይሆን ሳስቶ ሊቀር ይችላል። በአብዛኞቹ ላይ ግን ይመለሳል።

3. ሳይቃጠል በቅጠል

መዘጋጀት ያለባችሁ ፀጉሩ ሳይረግፍ ነው። ከመጀመሪያው ኬሞ በፊት፣ ካልሆነም በመጀመሪያው ሳምንት፣ እነዚህን ሥራዎች ሥሩ።

ሀ. ሹሩባውን ፍቱት። ጠበቅ ያለ ሹሩባ የተዳከመውን ሥር ይስበዋል።

ለ. ፀጉሩን አሳጥራችሁ ተቆረጡ። ረጅም ፀጉር በእፍኝ ሲወጣ ያስደነግጣል። አጭር ፀጉር ሲረግፍ ግን ለዓይንም ለልብም ይቀላል። በመቀስ ወይም በፀጉር መቁረጫ መኪና ይሁን። በምላጭ አትላጩ። ኬሞ በሽታን የሚከላከሉልንን ነጭ የደም ሕዋሳት ይቀንሳቸዋል። በዚያ ጊዜ ትንሽ የምላጭ ቁስል እንኳ ሊያመረቅዝ ይችላል።

ሐ. ራሳችሁን ለኩ። ክር ውሰዱ። ከቅንድብ በላይ በግንባር፣ ከጆሮ በላይ፣ በማጅራት በኩል አዙሩት። ክሩ የተገናኘበት ላይ ቋጠሮ አድርጉ። ይህን ክር ለልብስ ሰፊ ስጡት።

መ. መሸፈኛዎቹን አዘጋጁ። ለአንድ ሰው ሁለት የውስጥ ቆብ፣ ሁለት ሻሽና አንድ የሚያሞቅ ኮፍያ ይበቃል። ሁለት ሁለት የምንለው አንዱ ሲታጠብ ሌላው እንዲደረግ ነው።

4. የቱን ጨርቅ እንምረጥ?

ፀጉር የሌለው የራስ ቆዳ እንደ ሕፃን ቆዳ ነው። ይሳሳል፤ ይቆጠቁጣል፤ ያሳክካል። ፀጉር ሳለ ያልታወቀ ሻካራ ጨርቅ አሁን ይታወቃል። ስለዚህ ከሁሉ የሚሻለው ለስላሳ ጥጥ ነው። ጥጥ ላብ ይመጥጣል። አየር ያስገባል። በራስ ላይም አይንሸራተትም።

ናይለንና ፖሊስተር ግን ያልባሉ። የሚያብለጨልጭ ሐር መሰል ሻሽም ያምራል፤ ነገር ግን አንድ ችግር አለበት። ድሮ ሻሹን ይዞት የነበረው ፀጉሩ ነው። አሁን ፀጉሩ የለም። ስለዚህ ሻሹ ወደ ኋላ እየተንሸራተተ ይወልቃል። በገበያ መካከል ሻሽ ቢወልቅ ሴትየዋ ሁለተኛ ገበያ አትወጣም። ሐር መሰሉን ሻሽ ከወደዳችሁት ከሥሩ የጥጥ ቆብ አድርጉ። ቆቡ ይይዘዋል።

ጨርቁ ጥጥ መሆኑን በምን እናውቃለን? ከጠርዙ አንድ ክር ምዘዙ። ውጭ ሆናችሁ፣ ከልብስና ከሣር ራቅ ብላችሁ በክብሪት ለኩሱት። ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ነዶ ለስላሳ አመድ ይሆናል። ናይለን ወይም ፖሊስተር ከሆነ ይቀልጣል፤ ሲቀዘቅዝም ጠንካራ እንክብል ይሆናል።

አዲስ ጨርቅ ወዲያው አይደረግ። አቡጀዲ አዲስ ሲሆን ይደርቃል። አዲስ ነጠላም ይሻክራል። ሁለት ሦስት ጊዜ ከታጠበ በኋላ ይለሰልሳል። ያገለገለ ነጠላ ካላችሁ ከአዲሱ ይሻላል። የነጠላው ጥለት ግን የሚያብለጨልጭ ክር ካለበት ቆዳን ይቧጥጣል። ስለዚህ ጥለቱ ወደ ውጭ ይዋል።

5. የመሸፈኛ ዓይነቶች

የውስጥ ቆብ፦ ይህ የሁሉ መሠረት ነው። ካገለገለ የጥጥ ካናቴራ ይሰፋል። ስፌቱ ወደ ውጭ ይዙር፤ ቆዳን እንዳይፈገፍግ። ላስቲኩ አይጥበቅ። ካደረጋችሁት በኋላ አንድ ጣት ከሥሩ መግባት አለበት። ሲያወልቁት በግንባር ላይ መስመር ከቀረ ጠብቋል ማለት ነው። ይህ ቆብ ሌሊትም ይደረጋል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ወደ ጮቄ ተራራ የምትኖሩት ደግሞ ብርዱን ከእኛ ይልቅ ታውቁታላችሁ። ፀጉር የሌለው ራስ በሌሊት ይበርደዋል።

ሻሽ፦ አራት ማዕዘን ይሁን። እያንዳንዱ ጎኑ ከ75 ሳንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር፣ በክንድ ሲለካ ከክንድ ተኩል እስከ ሁለት ክንድ ይሁን። ከዚህ ካነሰ አይቋጠርም።

ነጠላ፦ ከሻሹ በላይ ይደረባል። የአገራችን ሴት ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ፣ ገበያ ስትወጣ፣ ለቅሶ ስትደርስ ነጠላ ታጣፋለች። እንግዲህ ባህላችን ግማሹን ሥራ ሠርቶልናል። ሻሽና ነጠላ ያደረገች ሴት ምን ሆነች ብሎ የሚጠይቃት የለም። ሂጃብ የምታደርግ እናትም እንዲሁ ናት። ከሂጃቧ ሥር የጥጥ ቆብ ብትጨምር ይበቃታል።

ሹራብ ኮፍያ፦ ለብርድ መልካም ነው። ነገር ግን ሹራብ ቆዳን ስለሚያሳክክ ከሥሩ የጥጥ ቆብ ይደረግ።

ባርኔጣ፦ ለፀሐይ ነው። ደጋ ቀዝቃዛ ቢሆንም ፀሐዩ ያቃጥላል። አንዳንድ የካንሰር መድኃኒትም ቆዳው ፀሐይ እንዳይችል ያደርገዋል። በተጨማሪ ቅንድብና ሽፋሽፍት አብረው ሊረግፉ ይችላሉ። ያን ጊዜ አቧራውና ብርሃኑ ዓይንን ያስቸግራል። ዙሪያው ሰፊ የሆነ ባርኔጣ ግንባርን፣ ጆሮንና ማጅራትን ይጋርዳል።

ዊግ፦ ሰው ሠራሽ ፀጉር ነው። የሚወዱት አሉ፤ ነውርም የለበትም። ዊግ የምትፈልግ ሴት ፀጉሯ ሳይረግፍ ትንሽ ቆርጣ ታስቀምጥ፤ መልኩን ለማመሳሰል ይረዳታል። ነገር ግን ዊግ ይሞቃል፤ ያሳክካል። ዋጋውም ቀላል አይደለም። በግ ሸጣችሁ ዊግ አትግዙ። ያ ገንዘብ ለመንገድ፣ ለምርመራና ለመድኃኒት ይሁን።

6. ሻሹ እንዴት ይታሰራል?

አንደኛ፣ የውስጥ ቆቡን አድርጉ።

ሁለተኛ፣ ሻሹን አጣጥፋችሁ ሦስት ማዕዘን አድርጉት።

ሦስተኛ፣ የታጠፈውን ጠርዝ በግንባር ላይ አኑሩት። ከቅንድብ በሁለት ጣት ከፍ ይበል። ጫፉ በማጅራት ላይ ይውረድ።

አራተኛ፣ ሁለቱን ክንፎች ከጆሮ በላይ ወደ ኋላ ውሰዱ። በወረደው ጫፍ ላይ ቋጥሯቸው። ቋጠሮው አይጥበቅ።

አምስተኛ፣ የተረፈውን ጫፍ ሁሉ ወደ ቋጠሮው ውስጥ ክተቱት።

ፀጉር ሳለ ራስ ሞላ ብሎ ይታይ ነበር። አሁን ሻሹ ጠፍጣፋ ይሆንባችኋል። መላ አለው። ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ አጥፋችሁ በአናት በኩል ከሻሹና ከቆቡ መካከል አስገቡ። ሻሹ ፀጉር ያለበት ይመስላል። በቤታችሁ መስተዋት ፊት ሦስት አራት ቀን ተለማመዱ። ጎንበስ ቀና በሉ። ካልወለቀ ታስሯል ማለት ነው።

7. በምድጃ አጠገብና በመንገድ

የቤት እመቤት ከእሳት አትርቅም። ስለዚህ ይህን በደንብ ስሙ። ብዙው ዊግ የሚሠራው እንደ ናይለን ካለ ነገር ነው። የምድጃው ወላፈንና የምጣዱ እንፋሎት ያኮማትረዋል፤ እሳት ቢነካውም ይቀልጣል። የናይለን ሻሽም እንዲሁ ነው። እንጀራ ስትጋግሩ፣ ወጥ ስትሠሩ የጥጥ ሻሽ ብቻ አድርጉ። ጫፉም አይንጠልጠል።

ለሕክምና መንገድ ስትወጡ ሁለት መሸፈኛ ያዙ። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጠዋት ስትነሡ ይበርዳል፤ ሹራብ ኮፍያ ያስፈልጋል። ከደጀን አልፋችሁ ዓባይ ሸለቆ ስትወርዱ ይሞቃል፤ ያኔ ኮፍያውን አውልቃችሁ በጥጥ ሻሽ ብቻ ተቀመጡ። ወደ ጎሐ ጽዮን ስትወጡ እንደገና ይበርዳል። የመኪናው ወንበር መደገፊያ የብዙ ሰው ራስ ያረፈበት ነው። ንጹሕ ነጠላ አልብሱት ወይም ራሳችሁን ሸፍናችሁ ተደገፉ።

8. የራስ ቆዳ አያያዝ

መሸፈኛው ንጹሕ ካልሆነ ጉዳት ያመጣል። በላብ የራሰ ቆብ በየቀኑ ይለወጥ። በሳሙና ታጥቦ፣ በደንብ ተለቅልቆ፣ ፀሐይ ላይ ይድረቅ። ራሳችሁን በለብታ ውኃና በማይቆጠቁጥ ሳሙና ታጠቡ። በለስላሳ ጨርቅ ነካ ነካ አድርጋችሁ አድርቁ፤ አትፈግፍጉት።

ቅቤስ? ቅቤ ለፀጉራችን የቆየ ወዳጅ ነው። በተራቆተና በቆሰለ ቆዳ ላይ ግን አይቀባ። አቧራ ይይዛል፤ ቆቡንም ያቆሽሻል። ቆዳው ከደረቀ ሽታ የሌለው ንጹሕ ቫዝሊን በትንሹ ይበቃል። ቅቤውን ፀጉሩ ሲመለስ ትቀቡታላችሁ።

በራስ ላይ ቁስል ወይም መግል ካያችሁ ለጤና ባለሙያ አሳዩ። ኬሞ የወሰደ ሰው ሰውነቱ ግሎ 38 ዲግሪ ከደረሰ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ይሂድ።

9. የተራቆተ ራስ በአገራችን ምን ይናገራል?

በሌላ አገር ፀጉር የሌላት ሴት ሲያዩ የሚያስቡት ሌላ ሊሆን ይችላል። በእኛ አገር ግን ራሷን የተላጨች ሴት ብዙ ጊዜ ሐዘንተኛ ናት። ወይም መነኩሲት ናት። በልጅ ላይ ከሆነ ደግሞ ቆረቆር ነው ይባላል። ስለዚህ ታማሚዋ ሳትናገር ሰዎች የራሳቸውን ወሬ ይናገሩላታል።

ከዚህ የተነሣ የመሸፈኛው ቀለምና ቅርጽም ይታሰብበት። ሐዘን ላይ ያልሆነች ሴት ጥቁር ሻሽ አታዘውትር። «ማን ሞተባት?» ያሰኛል። ነጭ፣ ሰማያዊ፣ አበባ ያለበት፣ ድሮ የምትወደው ዓይነት ይሁን። ቆብም ለብቻው ከሆነ የምንኩስና ይመስላል። ከላዩ ሻሽ ይታሰርበት።

ለሚጠይቅ ሰው የሚመለስ አንድ አጭር ቃል አዘጋጁ። «እትዬ፣ ፀጉርሽ ምነው?» ሲሏት እንዲህ ትበል፦ «መድኃኒቱ ነው ያረገፈው። ሲያልቅ ይበቅላል።» ከዚህ በላይ መናገር ግዴታ የለባትም። መናገር ከፈለገችም የሚያሳፍር ነገር የለም።

ጠበል የምትሄዱም አላችሁ። እምነታችሁን የሚነካ የለም። ነገር ግን ጠበሉ የቀጠሮውን ቀን አያስቀርባችሁ። ኬሞ የሚወስድ ሰው በሽታ የመከላከል ኃይሉ ስለሚደክም፣ ከመጠመቁና ከመጠጣቱ በፊት ነርሷን ያማክር። ከተጠመቀም ራሱን ወዲያው አድርቆ ደረቅ ቆብ ያድርግ።

10. ስለ ወንዶችና ስለ ልጆች

ወንድ አይከፋውም ያለው ማን ነው? አባወራም ፀጉሩ፣ ጢሙና ቅንድቡ ሲረግፍ ያዝናል። ዝም ስለሚል አይታወቅለትም። ለወንድ ባርኔጣ፣ ሹራብ ኮፍያና ጋቢ አሉለት። ሙስሊሙም የለመደው ቆብ አለው። በቤተ ክርስቲያን ወንድ ባርኔጣውን ያወልቃል። ይህ የሚያስጨንቀው ሰው አስቀድሞ ለነፍስ አባቱ ይንገር። ብርድ በሆነ ቀን ምን እንደሚያደርግ አብረው ይመክራሉ።

ልጆችም በደም ካንሰርና በሌሎች ዓይነቶች ይታመማሉ። ለልጅ መሸፈኛ ራሱ ይምረጥ። ቀለሙን ልጁ ከወደደው አያወልቀውም። መምህራን ሆይ፣ እዚህ ላይ የእኛ ሥራ አለ። በክፍል ውስጥ ኮፍያ አውልቁ የሚል ደንብ አለን። ለዚህ ልጅ ግን ደንቡ ይላላ። ልጁ ከመምጣቱ በፊት ለክፍሉ ልጆች እንንገር፦ «ወንድማችሁ መድኃኒት ወስዶ ፀጉሩ ረግፏል። ቆረቆር አይደለም። አይተላለፍም። ይበቅላል።» ኮፍያውን መንጠቅ ጨዋታ እንዳልሆነም እንንገራቸው። አንድ ልጅ ከትምህርት ገበታው የሚቀረው በበሽታው ብቻ አይደለም። በሣቅም ይቀራል።

11. የቤተ ሰብና የጎረቤት ድርሻ

ካንሰር ከሰው ወደ ሰው በመብላትና በመጠጣት፣ በመጨባበጥም አይተላለፍም። በአንድ ገበታ ብሉ። በአንድ ቤት እደሩ። «ምስኪን፣ እንዲህ ሆነች!» እያላችሁ አትልቀሱባት። ይልቅ ሻሽ ግዙላት። ቀጠሮዋ ሲደርስ አብራችሁ ሂዱ። በሄደች ጊዜ ከብቷን ጠብቁላት፤ ልጆቿን አብሉላት። ባል ሆይ፣ ሚስትህ ሻሿን ስታወልቅ ፊትህን አታዙር። እሷ የምታየው መስተዋት ያንተ ፊት ነው።

12. ሕክምናው የት ይገኛል?

በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የጨረር ሕክምና የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ለብዙ ዓመታትም በአገሪቱ ውስጥ ብቸኛው የጨረር ሕክምና ቦታ ነበር። ከጎጃም የሚሄድ ታማሚ ሁሉ ዓባይን ይሻገር ነበር። ከዚያ ወዲህ ኬሞ ወደ እኛ ቀርቧል። በባሕር ዳር በፈለገ ሕይወት ሆስፒታልና በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይሰጣል። የትኛው እንደሚስማማችሁ በአቅራቢያችሁ ያለው ጤና ጣቢያ ወይም የደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ይነግራችኋል።

አዲስ አበባ ስትሄዱ ማረፊያ ያስቸግራል። ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ የሚባል ድርጅት አለ። የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ስሙ በደም ካንሰር ከሞተ አንድ ሕፃን ስም የመጣ ነው። መሥራቹም የሕፃኑ አባት አቶ ወንዱ በቀለ ናቸው። ድርጅቱ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ አቅም ለሌላቸው ሕሙማን በማረፊያ ይረዳል። ቦታ መኖሩን አስቀድማችሁ በሆስፒታሉ በኩል አስጠይቁ። አንድ አባት የልጁን ሐዘን ለሌሎች ልጆች መጠለያ አደረገው። እኛ ደግሞ ቢያንስ ለጎረቤታችን አንድ ሻሽ መግዛት አያቅተንም።

ውድ አድማጮችና አንባቢዎች፣ ከዛሬው ንግግራችን ሦስት ነገር ያዙ። አንደኛ፣ ፀጉሩ የሚረግፈው በሁለተኛው ቀጠሮ አቅራቢያ ስለሆነ ቀኑን አስቀድማችሁ ቁጠሩ። ሁለተኛ፣ የጥጥ ቆብና ሻሽ ፀጉሩ ሳይረግፍ አዘጋጁ። ሦስተኛ፣ ራሳችሁን ሸፍናችሁም ሆነ ሳትሸፍኑ በቀጠሯችሁ ቀን ሂዱ።

ለመወያያ የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ኬሞ ፀጉርን የሚያረግፈው ለምንድን ነው? በአረም መድኃኒት ምሳሌ አስረዱ።

2. አንድ ሰው የመጀመሪያውን ኬሞ ኅዳር 3 ቀን ቢወስድ፣ ፀጉሩ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን ሊረግፍ ይችላል? ቀኑን ጻፉ።

3. ሐር መሰል ሻሽ ፀጉር በሌለው ራስ ላይ የሚንሸራተተው ለምንድን ነው? መላውስ ምንድን ነው?

4. በቀበሌያችሁ ኬሞ የሚወስድ ሰው ቢኖር፣ በቀጠሮው ቀን ማን አብሮት ይሄዳል? ማንስ ከብቱን ይጠብቅለታል? ተነጋገሩበት።

በሚቀጥለው ጊዜ እስክንገናኝ ጤናና ሰላም ይስጥልን። ደህና ሁኑ።